ባሌ ላይ ፀጉር ለምን ይደርቃል? ለወንዶች ከርዳዳ ፀጉር የሚሆን ትንሽ ፊዚክስ

ከሮቤ ተነስታችሁ በጎባ በኩል ወደ ዶሎ መና ስትጓዙ መንገዱ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት አየር ያሳያችኋል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከርራል፣ ንፋሱም ደረቅ ነው። ከጎባ በኋላ መኪናው እየተጠማዘዘ 4,000 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ እዚያ ከንፈር ይሰነጠቃል። አምባው ድንገት ያልቅና ቁልቁል ወደ ሃረና ጫካ ትገባላችሁ። ሪራ ስትደርሱ ጉም ዛፉን ሁሉ ውጦታል፣ ልብሳችሁም እርጥብ እርጥብ ይላል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ፀጉራችሁን ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። ከርዳዳ ከሆነ ሮቤ ላይ እንደ ደረቀ ሣር የሚንኮሻኮሸው ፀጉር ሪራ ላይ ሳትነኩት ይለሰልሳል፣ ወደ ራሱም ይጠቀለላል። ሻምፖ አልተቀየረም፣ ቅባት አልተጨመረም። የተቀየረው አየሩ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለማንም ይሆናል፤ ይበልጥ ግን ለወንዶች ነው የጻፍኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሴት ልጅ ስለ ፀጉሯ ከእናቷ፣ ከእህቷ፣ ከጎረቤት ትማራለች። ወንዱ ግን «ፀጉሬ እየደረቀ ይሰባበራል» ሲል የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ተላጨዋ!» እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የምሠራውም ቁሶች እንዴት እንደሚደርቁና እንደሚሰነጠቁ ላይ ነው። ፀጉርም ቁስ ነው። እንጨት ሲደርቅ ለምን እንደሚሰነጠቅ የሚያስረዳው ፊዚክስ ከሞላ ጎደል ለፀጉርም ይሠራል።

ፀጉር የአየር መለኪያ ነበር

በ1783 እ.ኤ.አ. ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲር የሚባል የጄኔቫ ሰው የአየርን እርጥበት ስለሚለካ አዲስ መሣሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መሣሪያው ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ምን መሰላችሁ? የሰው ፀጉር! አየሩ ሲረጥብ ፀጉሩ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ከፀጉሩ ጋር የታሰረች መርፌ ደግሞ ቁጥሩን ታሳያለች። ሶሲር ተራራ ወጪም ነበር፤ በ1787 እ.ኤ.አ. መሣሪያዎቹን አስይዞ ሞንት ብላንክ ጫፍ ላይ ወጥቷል። ከእሱ በኋላ ለረጅም ዘመን የአየር ጠባይ ጣቢያዎች እርጥበትን የለኩት በፀጉር ነው።

ፀጉር ፍጹም ደረቅ ከሆነ አየር ውሃ ወደጠገበ አየር ሲገባ ርዝመቱ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውፍረቱ ደግሞ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ መጠን ያብጣል። የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጥፍራችሁም የበግ ሱፍም ከዚሁ ነው። ኬራቲን ውሃ ይወዳል። አየሩ 65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ሲኖረው ፀጉር ከክብደቱ 13 በመቶ የሚሆን ውሃ ይይዛል። አየሩ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ የሚቀረው 6 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ውሃ በነፃ ይገባል፣ በነፃ ይወጣል። ፀጉር ከአየሩ ጋር ሁልጊዜ ይደራደራል ማለት ነው።

አሁን ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ የሆነውን ነገር ልንገራችሁ። ሶሲር ፀጉሩን መሣሪያው ውስጥ ከመግጠሙ በፊት በሶዳ ውሃ ይቀቅለው ነበር። ለምን? ፀጉሩ ላይ ያለው ቅባት ውሃው ቶሎ እንዳይገባና እንዳይወጣ ስለሚያዘገየው ነው። ለመለኪያ የሚሆን ፀጉር ቅባት የሌለው ፀጉር ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፦ ፀጉራችን ከሮቤ የከሰዓት አየር ጋር ቶሎ ቶሎ እንዳይደራደር። እንግዲህ ራሳችሁን በልብስ ሳሙና ስታጥቡ ሶሲር ያደረገውን እያደረጋችሁ ነው። ጭንቅላታችሁ ላይ ጎበዝ የአየር መለኪያ እየሠራችሁ ነው!

ጠዋት ጤዛ፣ ከሰዓት በረሃ

«ባሌ እኮ ዝናባም ነው፣ እንዴት ደረቅ ትለዋለህ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል። ነገር ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጠዋት ሣሩ ላይ ጤዛ አንዳንዴም ውርጭ ታያላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ያው አየር ፀጉራችሁን ያደርቃል። ስሌቱን አብረን እንሥራው።

እንበልና ሌሊት ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፣ አየሩም ውሃ ጠገበና ጤዛ ጣለ። በዚህ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር መያዝ የሚችለው 5.6 ግራም የውሃ ተን ነው። ፀሐይ ወጣችና ከሰዓት ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሆነ። 22 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 19.4 ግራም መያዝ ይችላል። አዲስ ውሃ ካልገባ ግን በእጁ ያለው ያው 5.6 ግራም ነው። 5.6ን ለ19.4 ስታካፍሉ 29 በመቶ ይመጣል። ውሃው የትም አልሄደም፣ የአየሩ ጥም ነው የጨመረው። ያ አየር ውሃ ካገኘበት ይወስዳል፦ ከተሰጣ ልብስ፣ ከከንፈር፣ ከፀጉር።

ስለዚህ በበጋ ሮቤና ጎባ ላይ ያለ ፀጉር በየቀኑ ያብጣል፣ ይጨማደዳል። እኔ ከምሠራው ነገር ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው፤ በየቀኑ የሚያብጥና የሚኮማተር ቁስ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሃረና ውስጥ ያለ ሰው ጉሙ ስለሚያግዘው ይህን ውጣ ውረድ ያን ያህል አያይም።

ከፍታው ሌላም ዕዳ አለው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር የኬራቲንን ማሰሪያዎች ይበጥሳል፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። ከብት ጠባቂ ልጆች ፀጉራቸው ጫፉ ላይ ቡናማ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ኮፍያ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ወዙ ጫፍ የማይደርሰው ለምንድን ነው?

የራስ ቅል ቆዳ የራሱን ቅባት ያመርታል፤ አማርኛ «ወዝ» የሚል ጥሩ ቃል አለው። ዞማ ፀጉር ላይ ወዙ ቀጥ ያለ መንገድ ስላለው ሲያበጥሩት ወደ ጫፍ ይወርዳል። ከርዳዳ ፀጉር ግን ከቆዳው ሥር ጀምሮ የታጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ሲወጣም እንደ ስፕሪንግ ይጠመዘዛል። ወዙ ከሥሩ አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ ቅባት ያለው፣ ጫፉ ግን የደረቀ ፀጉር ይኖራችኋል። ይህ በሽታ አይደለም። የቅርጽ ጉዳይ ነው።

ቅርጹ ጥንካሬውንም ይነካል። ከርዳዳ ፀጉር ሲቆረጥ ፊቱ ክብ ሳይሆን ሞላላ፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በየጥምዝማዛውም ስፋቱ ይለዋወጣል። ማንኛውም የሜካኒክስ ተማሪ እንደሚያውቀው ጭንቀት የሚጠራቀመው ቅርጽ በሚቀየርበት ቦታ ነው። ሽቦ ጠምዝዛችሁ ብትጎትቱት የሚበጠሰው የታጠፈው ጋ ነው፤ ፀጉርም ያው። ደቡብ አፍሪካዊቷ የቆዳ ሐኪም ኖንህላንህላ ኩማሎ ከባልደረቦቿ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የአፍሪካውያንን ፀጉር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታይ ብዙ ቋጠሮና ብዙ የተሰበረ ጫፍ አግኝታለች። ያ ሁሉ የተገኘው ምንም ኬሚካል ያልነካው ፀጉር ላይ ነው።

«ፀጉሬ አያድግም» የሚሉ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። ያድጋል! ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ወጣቶች ላይ የተሠራ ልኬት በቀን ሩብ ሚሊሜትር ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል፤ በወር ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከአውሮፓውያን ፀጉር ይዘገያል እንጂ አልቆመም። በአንድ በኩል 8 ሚሊሜትር እያደገ በሌላ በኩል 8 ሚሊሜትር ከተሰበረ ግን መስታወት ፊት የሚታየው ለውጥ ዜሮ ነው። በርሜል ከላይ እየሞላችሁት ከታች እያፈሰሰ ከሆነ የሚደፈነው ቀዳዳው ነው።

ለነገሩ ከርዳዳነት ራሱ ጉድለት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ቲና ላሲሲና ባልደረቦቿ የሰው ቅርጽ ባለው ሙቀት በሚለካ አሻንጉሊት ላይ የተለያየ ዊግ እያደረጉ፣ የፀሐይን የሚተካ መብራት እያበሩ ለክተው ነበር። ጭንቅላትን ከፀሐይ ሙቀት አብልጦ የጠበቀው በጣም የተጠቀለለው ፀጉር ነው።

ቅቤ ጥፋተኛ ነው?

እዚህ ጋ ትንሽ ታሪክ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም «ወንድ ልጅ ፀጉሩን አይንከባከብም» የሚለው ነገር የአገራችን ልማድ አይደለም። የአፋርና የከረዩ ወጣት ወንዶች ፀጉራቸውን በቅቤ ያሳምራሉ፤ ከረዩዎች የወጣቱን ጎፈሬ ጉንፉራ ይሉታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአርበኞች መለያ አንዱ ጎፈሬያቸው ነበር። አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወስደዋል። ያ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ቆይቶ ወደ አገሩ እንዲመለስ የተረከብነው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር ሚዶ በኪሱ የያዘ ጎረምሳ ላይ መሳቅ ይገርመኛል።

ወደ ቅቤው እንመለስ። ለጋ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ። የሰውነታችን ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ ፀጉር ላይ በደንብ ይዘረጋል። ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ የፀጉሩን ቅርፊቶች ያለሰልሳል። የፀጉር ገጽ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ቀጫጭን ንጣፎች የተሸፈነ ነው፤ ንጣፎቹ ሲነሱ ፀጉር ከፀጉር ይሰባበቃል፣ ይያያዛል፣ ይበጠሳል። ስብ ይህን ሰበቃ ይቀንሰዋል። ሁለተኛ፣ ሶሲር የጠላውን ያደርጋል፦ የውሃውን መውጣት ያዘገያል።

ቅቤ የማያደርገው ነገር ቢኖር ፀጉርን ማርጠብ ነው። ስብ ውሃ አይደለም። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 6 በመቶ ውሃ የቀረው ፀጉር ላይ ቅቤ ብትለቀልቁ የሚያብረቀርቅ ደረቅ ፀጉር ነው የሚኖራችሁ። ውሃው ወደ ፀጉሩ የሚገባበትንም መንገድ አጥብባችኋል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የጉሎ ዘይት፣ ሁሉም ጊዜያቸው ፀጉሩ ገና እርጥብ እያለ ነው። ደግሞ ቅባት በሩን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ ቆይቶ ቆይቶ ፀጉሩ ከአየሩ ጋር መስማማቱ አይቀርም።

የቅቤ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቅ፦ በቅቤ ስብ ውስጥ ጥቂት በመቶ ቡቲሪክ አሲድ የሚባል አጭር አሲድ ታስሮ ይገኛል። ቅቤው ሲቆይ አሲዱ ይፈታና ይተናል። ያ ነው አውቶቡስ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ የሚያያችሁ ምክንያት። ለጋው ላይ ብዙም አይሰማም።

የኮኮናት ዘይት ከሌሎቹ ለየት ይላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ሥራ የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር፤ ፀጉር ሲታጠብ ከሚያጣው ፕሮቲን ላይ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ነው። ዋና አሲዱ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ከመታጠብ በፊት መቀባት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሮቤ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለው፤ ከ24 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ ጠርሙሱን ብትገለብጡት ጠብ አይልም። መዳፍ ላይ ማሸት ነው፣ በቃ።

ግሊሰሪን ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እንደ ቅባት የምናየው ቢሆንም ቅባት አይደለም፤ ከአየር ላይ ውሃ የሚስብ ፈሳሽ ነው። ምን ያህል ይስባል የሚለውን የሚወስነው ግን አየሩ ነው። አየሩ 80 በመቶ እርጥበት ካለው ግሊሰሪን ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ውሃ ይይዛል። 50 በመቶ ላይ የክብደቱን ሩብ ያህል ብቻ። 30 በመቶ ላይ ከአንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሪራ ያለው የአክስታችሁ ልጅ «ግሊሰሪን ተአምር ነው» ቢላችሁ አይዋሽም፣ ጥር ላይ ጎባ ያለው ጓደኛችሁ «አጣበቀኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝም» ቢልም አይዋሽም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በደረቅ ወቅት ግሊሰሪን መጠቀም የግድ ከሆነ በብዙ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ከላዩ ላይ ትንሽ ዘይት አድርጉበት።

ማስታወቂያዎች ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ኮንዲሽነር ሁሉ «እርጥበት ይሰጣል» ተብሎ ይሸጣል። የኮንዲሽነር ዋና ሥራ ውሃ መስጠት አይደለም። የፀጉር ገጽ በተለይ ሲጎዳ አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙሌት አለው፤ ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ደግሞ አዎንታዊ ሙሌት ስላላቸው ፀጉሩ ላይ ይለጠፉና ያለሰልሱታል። እጃችን «ረጠበ» ብሎ የሚነግረን በአብዛኛው ሰበቃው መቀነሱን ነው። ይህን ማወቅ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ጠርሙሱ ላይ «ሞይስቸር» የሚል ስለተጻፈ ብቻ እጥፍ መክፈል የለባችሁም።

ቅባት የማያድነው ነገር

ፎረፎር ሲወጣ «ራስህ ደርቋል፣ ቅቤ ተቀባ» ይባላል። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሳል። በፎረፎር ውስጥ እጁ ያለበት ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል። የሚበላው ስብ ነው፣ የራሱን ስብ አሲድ መሥራት አይችልም። ቅቤ ስትቀቡት ምሳ ጋበዛችሁት ማለት ነው። የራስ ቅሉ የሚያሳክክ፣ ቅባት ያለው ቢጫ ቅርፊት ከሆነ ቅባቱን ከቆዳው አርቃችሁ ጫፍ ላይ ብቻ አድርጉ፤ ፋርማሲ ውስጥ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ይገኛል።

ቆረቆር ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። በተለይ ልጆችን የሚይዝ የፈንገስ በሽታ ሲሆን ፀጉሩ በክብ በክብ ይረግፋል፣ ይሰበራል። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባትና ክሬም ብቻውን አይደርስበትም፤ ሐኪም የሚያዘው፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ታናሽ ወንድማችሁ ላይ ካያችሁ ነጭ ሽንኩርት እያሻሹ ወራት ከመቁጠር ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቆረቆር በሚዶ፣ በኮፍያ፣ በቶንዶዝ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። «ተላጨዋ» የሚለው ምክር እዚህ ጋ ነው ጉዳት የሚያመጣው፤ ምክንያቱም የሚላጨው ሰው በየሁለት ሳምንቱ ፀጉር ቤት ይቀመጣል። ፀጉር አስተካካዩ በሁለት ሰዎች መካከል የቶንዶዙን ምላጭ በብሩሽ ጠርጎ፣ ከዚያ አልኮል አድርጎ ትንሽ ጊዜ ሲተወው እዩ። ፀጉሩ ሳይጠረግ አልኮል መርጨት ብዙም ዋጋ የለውም፤ ቆሻሻው ሥር የተደበቀውን አይነካውም። ካላደረገ ጠይቁት። ማፈር አያስፈልግም፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ምላጩን አልኮል አድርግልኝ» በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከርዳዳ ፀጉር በጣም ከሥሩ ሲላጭ የተሳለው ጫፍ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። አገጭ ላይ ሽፍታ፣ ማጅራት ላይ ደግሞ እየጠነከረ የሚሄድ እብጠት የሚወጣባቸው ወንዶች አሉ። ማጅራታችሁ ላይ ጠጣር ጉብጉብታ መውጣት ከጀመረ ዜሮ ማስቆረጥ አቁሙ፣ ትንሽ ፀጉር አስቀሩ። አለመጫር ነው፣ ቶሎ ለሐኪም ማሳየት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?

አጭር መልሱ፦ ውሃ ይቅደም፣ ቅባት ይከተል፣ ሚዶ በእርጥቡ ይግባ።

በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ለአብዛኛው ከርዳዳ ፀጉር ይበቃል፤ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም ለጥቁሮች ፀጉር በሳምንት አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይላል። የመኸር ጊዜ ከሆነና ኮምባይነር ሲዞር የዋላችሁበት የስንዴ ብናኝ ራሳችሁ ላይ ካለ በመሐል በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ይቻላል። የልብስ ሳሙናውን ተዉት። ሳሙና አልካላይ ነው፣ ፒኤች 9 ወይም 10 አካባቢ፤ የራስ ቅል ቆዳ 5.5 አካባቢ ነው፣ ፀጉሩ ራሱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አልካላዩ ቅርፊቶቹን ያስነሳቸዋል፣ ፀጉሩንም ያሳብጠዋል። ሻምፖ ውድ ነው ካላችሁ ትንሿን ጠብታ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ቆዳው ላይ ብቻ እሹት፤ አረፋው ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል።

ከዚያ ኮንዲሽነር። ፀጉሩ ላይ እያለ በጣታችሁ፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ፍቱት። ዞማ ፀጉር እርጥብ እያለ ሲበጠር ይጎዳል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ለዞማው እውነት ነው። ከርዳዳው ላይ ግን የሚዶው ጉልበት በእርጥቡ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ውሃው ጥምዝማዛውን ያላላዋል። ጠዋት ተነስቶ ደረቅ ጎፈሬ ላይ ሚዶ መሰንቀር ግን እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው፤ ድምፁን ራሱ ትሰሙታላችሁ። ቢያንስ እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ አርጥቡት።

ፎጣ ሲያሹበት ቅርፊቱን ይቧጥጣል። አሮጌ ቲሸርት ይሻላል፤ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ውሃው መንጠባጠቡን ሲያቆም፣ ፀጉሩ ገና እርጥብ እያለ ቅባቱ ይገባል። የመጠን ነገር፦ ለአጭር ጎፈሬ ከአንድ ሽምብራ የማይበልጥ፣ መዳፍ ላይ አቅልጣችሁ በአብዛኛው ወደ ጫፉ። ከዚህ ከበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ትራስ ያበላሻል።

ሌሊት ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ለብርዱ ግድ ነው። የጥጥ ጨርቅ ግን ፀጉሩን ይሰብቀዋል፣ ቅባቱንም ይመጥጠዋል። ከሥሩ ለስላሳ የሳቴን ጨርቅ ወይም ኮፍያ ብታደርጉ ጠዋት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ወንዶች ይህን ምክር ሰምተው ይስቃሉ፣ ከዚያ በድብቅ ያደርጉታል።

እቤት የሚሠራ መለኪያ

ይህን ሁሉ በእኔ ቃል አትመኑ፤ በቀላል ዕቃ መፈተን ይቻላል። ከእህታችሁ ማበጠሪያ ላይ 20 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ሁለት ረጃጅም ፀጉሮች ለምኑ። ዞማ ቢሆኑ ለዚህ ሥራ ይቀላል። ሁለቱንም በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ፣ አልኮል ነክራችሁ አድርቁ።

አንድ ካርቶን አቁሙና የፀጉሩን አንድ ጫፍ ላዩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። የመጠጫ ስትሮ ወስዳችሁ አንዱን ጫፉን በስፒል ካርቶኑ ላይ ውጉት፤ ስትሮው በነፃ ወደ ላይና ወደ ታች መዞር አለበት። የፀጉሩን ሌላ ጫፍ ከስፒሉ 1 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ስትሮው ላይ እሰሩ፣ ፀጉሩም እንዲወጠር እዚያው ጋ ትንሽ ጭቃ ለጥፉ። ፀጉሩ በ2 በመቶ ከረዘመ 4 ሚሊሜትር ነው፤ በዓይን አያጠግብም። ስትሮው ግን ከስፒሉ 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ካለው ጫፉ አሥር እጥፍ፣ 4 ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳል። ተራ የሚዛን ዘዴ ነው።

ቁጥር ለመጻፍ ሁለት ነጥብ ይበቃል። ካርቶኑን በእርጥብ ጨርቅ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ ስትሮው ሲቆም «100» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ሳጥኑ ውስጥ ከጨርቁ ይልቅ የገበታ ጨው በትንሽ ውሃ ረጥቦ ጭቃ እስኪመስል አድርጋችሁ ክደኑት። ጨውና ውሃ አብረው ሲዘጉ አየሩን 75 በመቶ ላይ ይዘውት ይቆያሉ፤ ላቦራቶሪም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ጥቂት ሰዓት ጠብቃችሁ «75» ጻፉ።

ሁለተኛውን ፀጉር በሌላ ካርቶን ላይ በተመሳሳይ መንገድ ግጠሙ፤ ይኼኛውን ግን በጣታችሁ ስስ አድርጋችሁ ቅቤ ቀቡት። ሁለቱን ጎን ለጎን ከእርጥቡ ሳጥን አውጥታችሁ በበጋ ከሰዓት ጥላ ሥር አስቀምጡና ስትሮዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ በየደቂቃው ምልክት አድርጉ። ቅቤ የተቀባው ከሌላው ስንት ደቂቃ ዘግይቶ እንደደረሰ ደብተራችሁ ላይ አስፍሩት። ከዚያ ቫዝሊን፣ ኮኮናትና ጉሎ እየቀያየራችሁ ድገሙት።